ምዕራፍ አራት፦ አፍ ከመፍታት በፊት

ጎጃም የእህል አገር ነው። ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያቀና መንገደኛ በመኸር ወራት ግራና ቀኙን የሚያየው ጤፍና ስንዴ ነው፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉት የሲናንና የቢቡኝ ደጋዎች ደግሞ ገብስና ድንች ያበቅላሉ። እንዲህ ባለ አገር የሕፃናት ዕድገት ችግር ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ጥናቶቹ የሚሉት ግን ሌላ ነው (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በታች ሆነው ተገኝተዋል። የአገሪቱ አማካይ ያን ጊዜ 38 በመቶ ነበር፤ የአማራ ክልል ቁጥር ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ሆኖ ተመዘገበ። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ የክልሉ ቁጥር ወደ 41 በመቶ ወርዷል፤ አሁንም ከአምስት ሕፃናት ሁለቱ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ፣ ትርፍ አምራች በሚባለው በምዕራብ ጎጃም ዞን ከመቶ ሕፃናት ከ40 በላይ የሚሆኑት መቀንጨራቸውን አሳይቷል። ጎተራው ሞልቶ ልጁ ቀንጭሯል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ትክክል ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። እንቁላሉና ቅቤው ገበያ ይወጣል፤ ለጨቅላው የሚደርሰው ቀጭን አጥሚት ነው። ውኃው ንጹሕ ስላልሆነ ተቅማጥ ይመላለስበታል። እናቲቱም ራሷ በእርግዝናዋ ጊዜ በቂ ምግብ አላገኘችም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በ2015 የወጣውና እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከመቀንጨር ለማላቀቅ ያለመው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም እነዚህን ችግሮች አጥብቆ ይዟል። ሆኖም ስለ መቀንጨር የምንጨነቀው ልጁ አጭር ሰው ሆኖ እንዳይቀር ብቻ አይደለም። የማስተዋል፣ የመናገርና የመማር አቅሙም አብሮ ወደ ኋላ እንዳይቀር ነው። ይህ አቅም ደግሞ በምግብ ብቻ አይገነባም። ጨቅላው ነቅቶ በሚቆይባቸው ሰዓታት ከሰው የሚያገኘው ድምፅ፣ ፊት፣ ንክኪና ምላሽ፣ ማለትም ማነቃቂያ፣ ለአንጎሉ የምግቡን ያህል ያስፈልገዋል። የዚህ ምዕራፍ ሙግት ይኸው ነው። ወደ ደጋው ጎጃም ስናመጣውም አንድ ነገር ይጨመርበታል፦ ለሕፃኑ የሚያስፈልገው ነገር ከቤቱ አልጠፋም፤ የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው።

ከአንጎሉ እንጀምር። አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጎል ክብደቱ ከአዋቂ ሰው አንጎል ሩብ ያህል ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ወደ ሦስት አራተኛ ይደርሳል። በነዚህ ሁለት ዓመታት በብዛት የሚያድጉት በነርቭ ሴሎች መካከል ያሉት መገናኛዎች ናቸው፤ አንጎል ከሚያስፈልገው በላይ መገናኛ ያበጅና፣ ደጋግሞ የሚሠራበትን እያጠናከረ ሥራ የፈታውን ያስወግዳል። የትኛው ጸንቶ የትኛው እንደሚጠፋ በአብዛኛው የሚወስነው ልጁ የሚያየው፣ የሚሰማውና የሚዳስሰው ነው። ይህን አጉልቶ የሚያሳየን ቋንቋ ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ጨቅላ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚጠቀሙባቸውን ድምፆች አብዛኞቹን ለይቶ ይሰማል። አንድ ዓመት ሲጠጋው በዙሪያው የማይነገሩትን የመለየት ችሎታው ይደክማል፤ የእናቱን ቋንቋ ድምፆች ግን አጥርቶ ይይዛል። «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» የምንለይበት ጆሮ የተሠራው በዚያ ዓመት ውስጥ ነው፤ ጎልማሳ ሆኖ አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው በነዚህ ድምፆች የሚቸገረውም ጆሮው በሌላ ቋንቋ ስለ ጸና ነው። እንዲያውም የጆሮ ትምህርት ከልደትም ይቀድማል። በ1980 ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ገና ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት ሲሉ የአጠባባቸውን ሁኔታ እንደሚለውጡ አሳይተዋል። የሌላ ሴት ድምፅ እንዲህ አልሳባቸውም። ዓይኑም የራሱ መጠን አለው፤ የጨቅላ ዓይን የተሻለ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው፤ ሲጠባ ከእናቱ ፊት ያለውም ርቀት ይኸው ነው።

ሕፃኑ ይሰማል፣ ያያል ማለት ግን ግማሹን መናገር ነው። ዋናው ነገር መመላለሱ ነው። ጎጃም ይህን ከማንም በላይ የሚያውቅ አገር ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዲማ የቅኔ ጉባኤ ተማሪው ሊቅ የሚሆነው የመምህሩን ቃል በመስማት ብቻ አይደለም፤ ራሱ ቅኔ ይቆጥራል፣ ይነግራል፣ መምህሩ ይሰማዋል፣ ያርመዋል፣ ተማሪው ደግሞ አርሞ ይመለሳል። ጨቅላም የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው። ድምፅ ያወጣል፣ እናቱ ያንን ድምፅ ተቀብላ ትመልስለታለች፣ እሱም ጥቂት ጠብቆ እንደገና ያወጣል። ይህ መመላለስ ሲቋረጥ ሕፃኑ ምን እንደሚሆን ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ በቀላል ሙከራ አሳይቷል። እናቶች ከጨቅላቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ፊታቸውን ያለ አንዳች ስሜት ጸጥ እንዲያደርጉ ተነገራቸው። ሕፃናቱ በመጀመሪያ ፈገግ ብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው እናታቸውን ለመመለስ ሞከሩ። አልሆን ሲላቸው ፊታቸውን አዞሩ፣ ተረበሹ፣ አለቀሱ። ገና ቃል የማያውቅ ፍጡር ፊት እንደ ተነሣ ያውቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስልክና ቴሌቪዥን አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ በደብረ ማርቆስ ከተማ ልጅን በስልክ ማባበል እየተለመደ ነውና። በ2003 ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛን ድምፆች እንዲሰሙ አደረጉ። አንዳንዶቹ አጠገባቸው ተቀምጦ ከሚያጫውታቸው ሰው ሰሙ፤ ሌሎቹ ያንኑ በቪዲዮ አዩ። ከሰው የሰሙት ድምፆቹን ለመለየት በቁ፤ ከቪዲዮ የሰሙት ምንም አልተማሩም። ስክሪን ለጨቅላ አይመልስለትም። ስለዚህ «ሕፃኑ ቋንቋ ይስማ» ተብሎ የሚከፈት ስልክ የሚሰጠው ነገር የለም፤ በዚያ ሰዓት ሰው ሊሰጠው ይችል የነበረውን ግን ይወስድበታል።

«መጀመሪያ ይብላ፤ ጨዋታው ኋላ ይደርሳል» የሚለው ተቃውሞ ብርቱ ነው፤ በተለይ ድህነትን ከሚያውቅ ሰው አፍ ሲወጣ። ለዚህ የተሻለው መልስ ያለው በጃማይካ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዋ ሳሊ ግራንታም-ማክግሬገርና ባልደረቦቿ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን መረጡ፤ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር ነበር። ሕፃናቱ በዕጣ አራት ቦታ ተመደቡ። አንዳንዶቹ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ የወተት ዱቄት ይሰጣቸው ነበር። አንዳንዶቹን ደግሞ የሠፈር ጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ቤታቸው ድረስ እየሄደች እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ታሳያት ነበር፤ መጫወቻውም ከወዳደቀ ዕቃ በእጅ የተሠራ ነበር። ሦስተኛዎቹ ሁለቱንም አገኙ፤ አራተኛዎቹ ምንም አላገኙም። ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ። በሁለቱ ዓመታት መጨረሻ ወተቱም ጨዋታውም ለየብቻ ረድተዋል፤ ሁለቱን ያገኙት ግን ካልቀነጨሩት እኩዮቻቸው ጋር ተቀራረቡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይበልጥ የሚያስደንቀው። ዓመታት ሲያልፉ የወተቱ ብልጫ በአእምሮ ፈተናዎች ላይ እየደበዘዘ ጠፋ። የጨዋታው ግን ጸና። እነዚያ ልጆች በ17 ዓመታቸው የተሻለ የትምህርት ውጤት፣ ያነሰ ጭንቀትና ድብርት ታየባቸው። በ22 ዓመታቸው ደግሞ፣ በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ በታተመው ጥናት መሠረት፣ ጨዋታውን ያገኙት ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት፤ ውጤቱ ከ20 ዓመት በኋላ በደመወዝ ላይ የታየ። ይህ ማለት ምግብ ይቅር ማለት አይደለም፤ የተራበ ልጅ አይጫወትም። ምግቡ ሲሰጥ እናቲቱ ልጇን እያየች፣ እያናገረች፣ መጥገቡንና መራቡን እያነበበች ካልሰጠችው ግን ግማሽ ሥራ ነው።

የሮማንያ ታሪክ ይህንኑ ከሌላ ወገን ያስረዳል። የቀድሞው መሪ የቻውሼስኩ መንግሥት ትቷቸው በሄደው የሕፃናት ማሳደጊያዎች ጨቅላዎቹ ጣሪያ፣ አልጋና ምግብ ነበራቸው፤ የሚያቅፋቸውና የሚያናግራቸው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ከ2000 በኋላ ተመራማሪዎች ከቡካሬስት ማሳደጊያዎች 136 ሕፃናትን ወስደው ግማሾቹን በዕጣ አሳዳጊ ቤተሰብ አገኙላቸው። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገት ከቀሩት በለጡ፤ ከሁለት ዓመት ዕድሜያቸው በፊት የወጡት ደግሞ ዘግይተው ከወጡት የተሻለ አገገሙ። ጊዜው ይቆጠራል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩትን ማንሣት ይገባል። በ2019 በታተመው ጥናታቸው በከፍተኛ የምግብ እጥረት ሆስፒታል የገቡ 339 ሕፃናትን ተከታተሉ። ከፊሎቹ ከተለመደው ሕክምና ጋር በጨዋታ የታገዘ ማነቃቂያ በሆስፒታልም፣ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም እንዲያገኙ ተደረገ። በሰውነትና በእጅ እንቅስቃሴ ብልጫ ታየባቸው፤ በቋንቋና በቁመት ግን ልዩነት አልተገኘም። ይህን መደበቅ ሙግቱን ማዳከም ነው። በጠና ታሞ ለደረሰ ልጅ ጥቂት ወራት የሚሰጥ ጨዋታ ሁሉን አይመልስም፤ ሥራው ልጁ አልጋ ላይ ከመውደቁ በፊት መጀመር ያለበት ለዚሁ ነው።

እንግዲህ የደጋው ጎጃም ቤት እንዴት ነው? ሕፃን ብቻውን አይተውም። እናቱ በአንቀልባ አዝላው ትጋግራለች፣ ቡና ትቆላለች፣ ውኃ ትቀዳለች፤ እሷ ሲደክማት አያት ትይዘዋለች፣ ካልሆነም ታላቅ እኅቱ ታዝለዋለች። ሲያለቅስ እሹሩሩ ይባላል፣ ጡት ይሰጠዋል። ከገላ ጋር ተጣብቆ መዋል ትልቅ ሀብት ነው፤ በቡካሬስት የጠፋው ይኸው ነበር። የሚጎድለው ሌላ ነው። ለጨቅላው ከሚነገረው ቃል ብዙው ሲያለቅስ ዝም እንዲል የሚነገር ነው። ዝም ያለው ልጅ «ጨዋ ነው» ተብሎ ይመሰገንና ይተዋል። ተመራማሪው ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚለው መጽሐፉ የመንዝን አማራ ሲገልጽ፣ የልጅ አስተዳደግ ዋና ግብ ጨዋነትና ታዛዥነት መሆኑን ጽፏል፤ ጎጃሜ አንባቢም ይህን ሲያነብ ባዕድ አይሆንበትም። ጨዋነት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ለስድስት ወር ሕፃን ዝምታ ጨዋነት አይደለም። «አፉን ሳይፈታ ምን ያውቃል» ስለሚባል ወሬው የሚጀመረው ልጁ አፉን ሲፈታ ነው። አፉን የሚያስፈታው ግን አስቀድሞ የተነገረው ነው።

ብርዱና ፍርሃቱም አሉ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በደብረ ማርቆስና ከዚያም በሚበልጡት ደጋዎች ጨቅላ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ መስኮት በሌለው ጎጆ፣ በጭስ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይተኛል። ክርስትና እስኪነሣ፣ ወንዱ 40 ሴቷ 80 ቀን፣ ከሰው ዓይን ይሸፈናል። አያቶች ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ቡዳን የሚፈራ ሰው በክርክር አይመለስም፣ መመለስም አያስፈልገውም። ከእንግዳ የተሸፈነ ልጅ ከእናቱ መሸፈን የለበትም። ነጠላው ከሁለቱም በላይ ከሆነ ፊቷን ያያል፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቁጭ ቢሉ ብርሃኑም ይደርሰዋል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጥልቅ የሆነው «ይህ የፈረንጅ ሙያ ነው» የሚለው ነው። ማስረጃም አለው። ተመራማሪው ሮበርት ሌቫይን በኬንያ የጉሲ እናቶችን ለዓመታት አጥንቶ፣ ከጨቅላቸው ጋር ፊት ለፊት የሚያወሩት እምብዛም እንዳልሆነ፣ ልጆቹ ግን በማኅበረሰባቸው መመዘኛ ብቁ ሆነው እንደሚያድጉ ጽፏል። ስለዚህ ጨቅላን እንደ አሜሪካዊት እናት ካላጫወቱ አእምሮው ይሞታል የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። እኔም ይህን አልልም። የጎጃም ልጅ ግን ዛሬ የሚጠበቅበት ላም መጠበቅና ማሳ ማረም ብቻ አይደለም። በሰባት ዓመቱ ፊደል ፊት ይቀርባል፣ ከዚያም ከአገር ልጆች ሁሉ ጋር አንድ ፈተና ይፈተናል። ለዚያ የሚያዘጋጀው የቃል ብዛት፣ የመጠየቅ ድፍረትና ትኩረቱን ሰብስቦ የመያዝ ልማድ ሥሩ ከሁለት ዓመት በታች ነው። ደግሞም የምንለምነው የውጭ ጨዋታ አይደለም። ጭልፋ፣ ሙዳይ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የአያት ተረት፣ እንኮኮ፣ እሹሩሩ፣ ሁሉም የቤት ናቸው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል፤ እኛም እንዲሁ አድገናል» ለሚለውም መልስ ያስፈልጋል። «እኛ» የሚለው ቃል የሚቆጥረው ያደጉትን ነው፤ በአንድ ዓመታቸው የሞቱትንና በሁለተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጡትን አይቆጥርም። ካደጉትም ብዙዎቹ፣ ዛሬ ማነቃቂያ የምንለውን ከአንዲት ተረት ከማይጠፋባት አያት ወይም ወሬ ከሚወድ አባት ሳያውቁት አግኝተውታል። ዕድል የተባለው አንዳንዴ ሰው ነበር።

የሚያሳስበኝ ተቃውሞ የእናቲቱ ድካም ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ኩበት ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ፣ አብስላ፣ በአጨዳ ጊዜ ማሳ ውላ የምትመለስን ሴት «ልጅሽን አጫውቺው» ብሎ መምከር በሸክሟ ላይ ሸክም መጨመር ሊሆን ይችላል። መልሱ በከፊል ቀላል ነው፤ የተለየ ሰዓት አይፈለግም። ስታጠባ ዓይኑን ማየት፣ አዝላው ስትሄድ «በሬው ይኸው፣ ዶሮዋ ሄደች» ማለት፣ ድምፅ ሲያወጣ መመለስ፣ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ጭልፋውን ከነጠላ ሥር ደብቆ «የት ገባች?» ብሎ መጠየቅ፣ ሁሉም ከሥራ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሌላው ክፍል ግን ቀላል አይደለም። የደከመች፣ ያዘነች ወይም በድብርት የተያዘች እናት ፊቷ ይዘጋል፤ ምክር ብቻ አይከፍተውም። ስለዚህ ውኃን ማቅረብ፣ ምድጃን ማሻሻልና የእርሻ ሥራን ማካፈል የሕፃን አእምሮ ጉዳይ ነው። የአባትም ጉዳይ ነው። ከራት በኋላ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚያናግር ገበሬ ክብሩ አይቀንስም። ልጅ የምታዝል ታላቅ እኅትም ብትማር እናትን የምትተካ መምህርት ናት፤ እሷን የሚያስታውስ ፕሮግራም ግን ብርቅ ነው።

ከነሐሴ 2023 ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት ነገሩን አክብዶታል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ መንገዶች ተቋርጠዋል፣ ብዙ ቤቶች በፍርሃት ይኖራሉ። ፍርሃት ሲረዝም በጨቅላው ሰውነትም ያድራል፤ ከዚህ ጉዳት የሚከላከለው ዋናው ነገር የሚያቅፈውና የሚመልስለት አንድ የታመነ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የማይዘጋው ይህ ብቻ ነው።

አገሪቱ ይህን ሳታውቅ አልቀረችም። በ2010 የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርትና እንክብካቤ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከእርግዝና ጀምሮ ለወላጆች ትምህርት፣ ለጨቅሎችም የጤናና የማነቃቂያ አገልግሎት እንዲሰጥ ይል ነበር። ገንዘቡና ጥረቱ ግን ያዘነበለው ከአራት ዓመት በላይ ወዳሉት ክፍሎች ነው። አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት ወላጆችን ቤት ለቤት የሚያማክሩ ሠራተኞች አሰማርታለች። ለገጠሩ ጎጃም አዲስ ሠራተኛ መቅጠር ግድ አይሆንም፤ ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን አለ። ሕፃኑ ለክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወሩ ይመጣል። በነዚያ አምስት ቀናት ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከመርፌው ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ወስዳ ለዕድሜው የሚስማማውን ጨዋታ ለእናቲቱ ብታሳያት፣ እናቲቱም እዚያው ብትሞክረው፣ ጅማሮ ይሆናል። የጃማይካው ጥቅም የተገኘው በየሳምንቱ በተደረገ ጉብኝት ነውና አምስት ቀን አይበቃም፤ የቀረውን የቀበሌው የሴቶች ልማት ቡድን ሊሞላው ይችላል። የክልሉ ጤና ቢሮ ይህን በሥልጠናው ውስጥ ያስገባ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ውጤቱን በጎዛምንና በማቻከል ቀበሌዎች ይለካ። ጨቅላ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ቢሮውን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ሲጠባ ፊቱን እዩት፤ ድምፅ ሲያወጣ መልሱለት፤ ከዚያም ተራውን እንዲወስድ ጥቂት ጠብቁት።